ጉበት ሲጠጥር ደም ለምን ይፈሳል?



ደም ያስመለሰ ሰው ወደ ሆስፒታል ሲመጣ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚነግረን ነገር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ትላንት እኮ ደህና ነበር!» ይሉናል። እውነታቸውን ነው። ትላንት ሥራው ውሏል፣ እራቱን በልቷል፣ ተጫውቷል። ሌሊት ላይ ሆዱ ተላወሰበት፣ ወደ ደጅ ሊወጣ ሲነሳ ራሱን አዞረው፣ ከዚያም ሳህን ሙሉ ደም አስመለሰ። ለቤተሰቡ በሽታው የጀመረው በዚያች ሌሊት ነው። ለጉበቱ ግን ያች ሌሊት የአሥር፣ አንዳንዴም የሃያ ዓመት ታሪክ መጨረሻ ናት። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ ደሙ የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት በሽታውን የምናይበትና የምናቆምበት ብዙ ቦታ አለ።

ጉበት በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር የተሸሸገ፣ በአዋቂ ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን አካል ነው። ከሌሎች የሰውነት ክፍሎች የሚለየው ደም በሁለት በር ስለሚገባበት ነው። አንዱ እንደማንኛውም አካል ከልብ የሚመጣ ነው። ሌላው ፖርታል የሚባለው ትልቅ የደም ሥር ሲሆን ከጨጓራ፣ ከአንጀትና ከጣፊያ የተሰበሰበውን ደም ይዞ ይመጣል። በደቂቃ ወደ ጉበት ከሚገባው አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ደም ሦስት አራተኛው የሚመጣው በዚህ በሁለተኛው በር ነው። የበላነውና የጠጣነው ሁሉ ወደ ሌላው ሰውነት ከመሰራጨቱ በፊት ጉበት ይመረምረዋል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ደም ጤነኛ ጉበት ውስጥ የሚያልፈው ያለምንም ትግል ነው። ክንዳችሁ ላይ ሲለካ 120 የሚባለውን የደም ግፊት ታውቃላችሁ። ጉበትን ለማቋረጥ የሚያስፈልገው የግፊት ልዩነት ግን በዚያው መለኪያ ከ1 እስከ 5 ብቻ ነው። ጉበት ለዓመታት ሲቆጣና ሲቆስል በቁስሉ ቦታ ጠባሳ ይተካል። ጠባሳው እየበዛ ጉበቱን በጓጎላ ሲከፋፍለው ሲሮሲስ እንለዋለን። ጠባሳ እንደ ሥጋ አይለመጥም፣ ደም አያሳልፍም። ቦይ በደለል ሲደፈን ውሃው ግራና ቀኝ ጥሶ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ጉበት ውስጥ ማለፍ ያቃተው ደምም ወደ ልብ የሚመለስበት ሌላ መንገድ ይፈልጋል። መንገድ አያጣም፤ በጨጓራ አናትና በምግብ ቧንቧው ታችኛው ጫፍ ላይ ቀጫጭን ደም ሥሮች አሉ፣ እነሱን አስፍቶ ይሄዳል። ችግሩ እነዚህ ደም ሥሮች ለዚያ ሥራ አልተፈጠሩም። ያብጣሉ፣ ይጠማዘዛሉ፣ ግድግዳቸው ይሳሳል። የግፊቱ ልዩነት 10 ሲደርስ ይታያሉ፤ 12 ካለፈ የመፈንዳት አደጋ ውስጥ ናቸው።

ሐኪሞች ቫሪስ የሚሏቸው እነዚህ ያበጡ ደም ሥሮች ሲሮሲስ ከተገኘባቸው ሰዎች ግማሽ በሚሆኑት ላይ ቀድሞውኑ ይኖራሉ። ባለቤቱ ግን አያውቅም፤ አያሙም፣ ምግብ አይከለክሉም፣ አያስነጥሱም፣ አያስሉም። በአንዳንድ ሰው የመጀመሪያ ምልክታቸው መፈንዳታቸው ነው። ደሙ የሚፈሰው ደም ለማርጋት አቅም ስላነሰ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ጉበት የደም ማርጊያ ንጥረ ነገሮችን ስለሚያመርት፣ ያበጠ ጣፊያም ፕሌትሌት የሚባሉትን ደም አርጊ ህዋሳት ስለሚይዝ፣ ሐሳቡ ከባዶ የመጣ አይደለም። ዋናው ነገር ግን ግፊት ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው ሕክምናው ሁሉ በዚህ ላይ ስለሚቆም ነው።

አሁን ወደ ምልክቶቹ ልምጣ፤ ዛሬ ከምናገረው ውስጥ ሌላው ቢረሳ ይህ ባይረሳ እወዳለሁ። ትኩስ ቀይ ደም ማስመለስ ማንንም ያስደነግጣል፣ ስለዚህ ሰው አይዘናጋበትም። የሚያዘናጉት ሌሎቹ ናቸው። ደሙ ጨጓራ ውስጥ ትንሽ ከቆየ ቀይነቱ ይጠፋና የቡና አተላ መስሎ ይወጣል፤ «ቡና በባዶ ሆዱ ጠጥቶ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ወደታች ከሄደ ደግሞ ሰገራው እንደ ሬንጅ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅና የሚያጣብቅ ይሆናል፤ ሽታውም ለየት ያለ ነው፣ አንዴ ያሸተተው ነርስ ከበር ላይ ይለየዋል። ሆድ ቁርጠት ላይኖር ይችላል። እንዲያውም ሕመም አለመኖሩ ነው ሰውን የሚገድለው፤ «አላመመኝም» ብሎ ሁለት ቀን ቤቱ ይቀመጣል። የአይረን እንክብል የምትወስድ ነፍሰ ጡር ሰገራዋ ሊጠቁር ይችላል፣ ያ ሌላ ነው፤ አይጣበቅም፣ ያን ሽታም የለውም። በጥርጣሬ መካከል ያለ ሰው ግን ቤቱ ተቀምጦ ከሚመረምር ሄዶ ቢታይ ይሻለዋል።

አንድ ሌላ ምልክት አለ፤ በእኛ አገር ብዙ ጊዜ ወደ ተሳሳተ ቦታ የሚወስደን እሱ ነው። አንጀት ውስጥ የፈሰሰ ደም ይፈጫል። ሲፈጭ አሞኒያ የሚባል መርዛማ ነገር ይወጣዋል። ጤነኛ ጉበት ያጸዳው ነበር፣ የጠጠረው ግን ስለማይችል አሞኒያው አእምሮ ይደርሳል። ሰውየው ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ያፈጣል። ልጁን በወንድሙ ስም ይጠራል። እጁን ዘርግቶ እንዲይዝ ሲባል መዳፉ እየወደቀ እየተነሳ ይንቀጠቀጣል። ይቆጣል፣ ይለፈልፋል፣ ከዚያ ጭልጥ ብሎ ይተኛል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ ቡዳ ወይም ሌላ ነገር ይጠረጥርና ቀጥታ ወደ ጸበል ይወስደዋል። በጸበል ላይ ክርክር የለኝም፤ እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። የምለምነው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። ይህ ሰው እየደማ ነው፣ አእምሮውን የሸፈነው ነገር ሆስፒታል ውስጥ በሽሮፕና ደሙን በማቆም የሚገፈፍ ነው። ጸበሉ ይጠብቀዋል፤ ደሙ አይጠብቀውም። የንስሐ አባቶቻችን ይህን ለምእመናን ቢነግሩልን እኛ ከምንናገረው ይልቅ ይሰማል።

ደም የሚያስመልስ ሰው ቤት ውስጥ ካለ በጎኑ አስተኙት፣ ደሙ ወደ ሳንባው እንዳይገባ። ወተትም ሆነ ተልባ፣ ውሃም ቢሆን አታጠጡት፤ ሆዱ ባዶ ሲሆን ነው ሐኪሙ ውስጡን ማየት የሚችለው። ራስ ምታት አለኝ ቢል አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ እንዳትሰጡት። ከዚያ መኪና። ከገጠር ከሆነ በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ ሪፈር ከመጻፉ በፊት ሊያደርገው የሚችለው ቀላል ግን ከባድ ትርጉም ያለው ነገር አለ፤ ሁለት ሰፋፊ መርፌዎች ክንዱ ላይ ሰክቶ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ማስጀመርና የመጀመሪያውን የሴፍትሪያክሶን መርፌ መስጠት ነው። ለደም መፍሰስ ፀረ ተሕዋስያን ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ጉበቱ የጠጠረ ሰው ሲደማ የአንጀቱ ባክቴሪያ ወደ ደሙ ይሻገራል፤ ከእነዚህ በሽተኞች ብዙዎቹ የሚሞቱት ደሙ ከቆመ በኋላ በኢንፌክሽን ነው። ከሽሬ ወይም ከአላማጣ መቀሌ እስኪደረስ በሚያልፉት ሰዓታት ያች አንድ መርፌ ሕይወት ታተርፋለች።

ሆስፒታል ውስጥ ምን ይደረጋል? እዚህ ላይ በሐኪምና በቤተሰብ መካከል በየጊዜው የሚነሳ ጠብ አለ። ቤተሰብ ወንድሙን ሲደማ አይቷል፤ ዘመድ አዝማድ ደም ለመለገስ ተሰልፏል፤ ሐኪሙ ግን አንድ ከረጢት ሰጥቶ ያቆማል። «ደም አለ፣ ለምን አትሰጡትም? እኛ መች ገንዘብ ጎደለን!» ይባላል። ነገሩ ንፍገት አይደለም። ቅድም ያልኩትን ግፊት አስታውሱ። ደም በብዛት ስንጨምር በተዘጋው ጉበት ኋላ ያለውን ግፊት እንጨምራለን፤ የተደፈነው ቀዳዳ ዳግመኛ ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ከባርሴሎና የወጣ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል፤ ሄሞግሎቢናቸው ከ7 ሲወርድ ብቻ ደም የተሰጣቸው በሽተኞች በብዛት ከተሰጣቸው ይልቅ በሕይወት ተርፈዋል፣ ዳግም መድማቱም ቀንሶላቸዋል። ስለዚህ ሐኪሙ «ይበቃል» ሲል እየቆጠበ ሳይሆን እያከመ ነው። ለጋሾቹ ግን አይበተኑ፤ ደም ባንኩ ለነገ በሽተኛም ይፈልጋቸዋል።

ከደሙ ጎን ለጎን ወደ አንጀት የሚሄደውን ደም የሚቀንስ፣ ኦክትሪዮታይድ ወይም ተርሊፕረሲን የሚባል መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። ቀጥሎ የሚመጣው ኢንዶስኮፒ ነው፤ ቢቻል በ12 ሰዓት ውስጥ። ሰው ስለሚፈራው ምን እንደሆነ በቅርብ ላሳያችሁ። ትንሽ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ተጣጣፊ ቱቦ ነው፣ ጫፉ ላይ ብርሃንና ካሜራ አለው። በሽተኛው በግራ ጎኑ ይተኛል፣ ጥርሱ መካከል ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ይነክሳል፣ የሚያደነዝዝ ነገር ይሰጠዋል። ቱቦው ወደ ምግብ ቧንቧው ሲወርድ ጤነኛው ግድግዳ ሐምራዊና ለስላሳ ሆኖ በስክሪኑ ላይ ይታያል። ወደታች ስንደርስ ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ጉብታዎች ወደ ውስጥ ገፍተው እናያለን፤ አንዳንዱ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለበት፣ እሱ ሊፈነዳ የተዘጋጀ ነው። ቱቦው ጫፍ ላይ በመስታወት መሳይ ቆብ ዙሪያ የተወጠሩ ትናንሽ የጎማ ቀለበቶች አሉ። ሐኪሙ ጉብታውን ወደ ቆቡ ይስበዋል፣ ጉብታው ስክሪኑን ሞልቶ ቀይ ይሆናል፣ እጀታው ሲዞር ቀለበቱ ጠብ ብሎ ሥሩን ያንቀዋል። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት ስድስት ድረስ። የታነቀው ደም ሥር በቀናት ውስጥ ደርቆ ይወድቃል፤ ቦታው ትንሽ ቆስሎ ይሽራል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሶ መምጣትና ቀሪውን ማሳሰር ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚቀርበት እዚህ ላይ ነው፤ «ቆሟል እኮ!» ይላል። ካልታከመ ግን ከሦስቱ ሁለት የሚሆኑት በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ዳግም ይደማሉ።

የጎማ ቀለበቱ የዛሬ ዘመን ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ስዊድናውያን ሐኪሞች በብረት ቱቦ እየገቡ ደም ሥሩን በሚያደርቅ መድኃኒት ይወጉት ነበር። በ1950 ፊኛ ያለው ቱቦ መጣ፤ ጨጓራ ውስጥ ተነፍቶ ደም ሥሩን ይጫናል፤ ዛሬም ኢንዶስኮፒ በሌለበት ወይም ደሙ አልቆም ሲል ጊዜ መግዣ ሆኖ ያገለግላል። ማሰሪያው የተሞከረው በ1980ዎቹ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ በሽተኛ ሲደማ በስድስት ሳምንት ውስጥ የመሞቱ ዕድል ከግማሽ ገደማ ወርዶ ዛሬ ሙሉ ሕክምና ባለበት ቦታ ከ15 እስከ 20 በመቶ ሆኗል። አሁንም ብዙ ነው። ከአምስቱ እስከ አንዱ ማለት ነው። ስለዚህ ወደ ምንጩ እንሂድ።

ሲሮሲስ ሲባል በእኛ ከተማ የመጀመሪያው ሐሜት «ጠጪ ነበር» የሚል ነው። ይህ ሐሜት ብዙ ሰው ገድሏል፤ ያልጠጣው ሰው አይመረመርም፣ የጠጣው ደግሞ ተሸማቆ ይደበቃል። ትግራይ ይህን ሐሜት የሚያፈርስ ታሪክ በራሷ መሬት ላይ አላት። እ.ኤ.አ. በ2001 በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ በሽሬ አካባቢ በሕርሚ ሸለቆ ባለች የገጠር መንደር ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ፣ ጉበታቸው እየገዘፈ መሞት ጀመሩ። ሕፃናትም ነበሩባቸው። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ከአንድ በላይ ሰው ይታመም ስለነበር ተላላፊ ነው ተባለ። ውሃው ተጠረጠረ፣ ቫይረስ ተጠረጠረ። የኢትዮጵያ ሐኪሞች ከጉበት ናሙና ወስደው ሲያዩ ዋናው ነገር ጉበት ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች መዘጋታቸው ሆኖ ተገኘ፤ ግኝታቸውንም እ.ኤ.አ. በ2012 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ላይ አሳትመዋል። የመጠጥ ጉበት እንዲህ አይመስልም። የመርዝ ጉበት ነው እንዲህ የሚመስል።

መርዙ የተገኘው እህል ውስጥ ነው። ማሳ ላይ ከአዝመራ ጋር አብሮ የሚበቅል፣ ጥቃቅን ነጭና ወይን ጠጅ መሳይ አበቦች ያሉት አጄራተም የሚባል አረም አለ። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከእህል ጋር ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ተፈጭቶ ማዕድ ይደርሳል። በውስጡ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባሉ ነገሮች አሉት። የሚገርመው እነዚህ በራሳቸው ያን ያህል አይጎዱም፤ መርዝ የሚያደርጋቸው ራሱ ጉበት ነው። ሊያጸዳቸው ሲነካቸው ወደ ጎጂ ይለወጡና የገዛ ደም ሥሮቹን ግድግዳ ያቃጥሉበታል። የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት በሽታውን ከዚህ መርዝ ጋር፣ በተጨማሪም ከዲዲቲ ጋር አያይዘውታል፤ በአይጦች ላይ ሲሞከርም ሁለቱ ሲገናኙ ጉዳቱ ይበረታል። በሳይንሱ ዓለም በሽታው ዛሬ የሚጠራው በሕርሚ ሸለቆ ስም ነው። እዚያ መንደር የነበሩ እናቶች ምንም ጥፋት አልሠሩም፤ ያበጠ ሆድ ይዘው የመጡት ልጆቻቸው እንጀራ ነው የበሉት። ከማሳ ላይ አረም መንቀል፣ እህልን ማበጠርና መንፋት፣ ፀረ ተባይን ከምግብ ማራቅ፣ እነዚህ የሆስፒታል ሥራዎች አይደሉም፤ የጉበት ሕክምና ግን ናቸው።

ብቻችንም አይደለንም። በአፍጋኒስታን ሄራት ክፍለ ሀገር ጉልራን በሚባል ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በርካታ ሰው በዚሁ ዓይነት በሽታ ተጠቅቷል። ከድርቅ በኋላ ስንዴው ውስጥ ሌላ መርዛማ አረም በዝቶ ነበር። ከሰላሳ ዓመት በኋላም እዚያው ተመልሶ መጣ። ድርቅ፣ ችግርና ያልተጣራ እህል በተገናኙበት ሁሉ ይህን በሽታ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ እኛ ደግሞ ሦስቱንም እናውቃቸዋለን።

ሌላው የትግራይ የጉበት ታሪክ በጎ ነው። ቢልሃርዚያ የሚባለውን ትል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ፣ ወንዝ ወይም ግድብ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ከዚያ ወደ አንጀት ደም ሥር ሄዶ እንቁላል ይጥላል። እንቁላሎቹ በዚያው በፖርታል ደም ሥር ጉበት ደርሰው ይቀረቅራሉ፣ በዙሪያቸው ጠባሳ ይበቅላል። በዓመታት ውስጥ ግፊቱ ይጨምራል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ደም ያስመልሳል። ይህ ከሲሮሲስ የሚለየው የጉበቱ ሥራ ብዙም ስለማይጎዳ ነው፤ ስለዚህ የቢልሃርዚያ በሽተኛ ደሙ ከቆመለት የመኖር ዕድሉ የተሻለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ይህን በሽታ ሲያጠና ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኘ። እናቶቻችን ለዘመናት በልብስ ማጠቢያነት የሚያውቁት ተክል የበሽታውን ተሸካሚ ይገድላል ማለት ነው። በዓድዋ በተደረገው የአምስት ዓመት ሙከራ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የነበረው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። አክሊሉና የሥራ ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ለመስኖ ግድብ በሠራን ቁጥር የቀንድ አውጣ መኖሪያም አብረን እንደምንሠራ ባንረሳ ጥሩ ነው፤ ይህን ግድብ ላይ ለሚዋኙ ልጆች ወላጆች ነው የምለው። ለታመመው ፕራዚኳንቴል የሚባል ርካሽ እንክብል አለ።

ትልቁ ምንጭ ግን ሄፓታይተስ ቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር በኢትዮጵያ ከመቶ ሰው ሰባት ገደማው ቫይረሱን እንደሚይዝ አስልቷል። አብዛኛው የያዘው በልጅነቱ ነው፤ ከእናቱ ሲወለድ፣ ወይም እንጥሉ ሲቆረጥ፣ ድዱ ሲነቀስ፣ በጋራ ምላጭ ሲላጭ፣ ዋግምት ሲደረግለት። በተወለደበት ጊዜ የተያዘ ሕፃን ከአሥሩ ዘጠኝ ዕድሉ ቫይረሱን ለዕድሜ ልክ መሸከም ነው፤ አዋቂ ሆኖ የተያዘ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያጸዳዋል። ክትባቱ ለሕፃናት ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአምስቱ በሽታዎች መከላከያ መርፌ ውስጥ አለ። ከዚያ በፊት የተወለድን ሁላችን መመርመር አለብን፤ ምርመራው ደቂቃዎች ይወስዳል። ደግሞ ይህን ስሙኝ፦ ሄፓታይተስ ቢ በጉርሻ አይተላለፍም። በአንድ ትሪ በመብላት፣ በአንድ ዋንጫ በመጠጣት፣ በመሳም አይተላለፍም። ሳህኑ የተለየበት አባት፣ ጉርሻ የተከለከለች ምራት ያየሁበት ቤት ብዙ ነው፤ ያ ጭካኔ በሽታውን አንድ ስንዝር አያርቀውም። ቤተሰቡን የሚጠብቀው ክትባት ነው። የወፍ በሽታ ነው ተብሎ ክንድ ላይ የሚቃጠለው ቅጠልም ጠባሳ ይተዋል እንጂ ቫይረሱን አይነካውም።

መጠጥን የረሳሁ አይምሰላችሁ። ስዋ (ጠላ) ቀለል ያለ ነው፣ ሜስም (ጠጅ) ከአረቄ ያነሰ ነው፤ ቤት የተጣራ አረቄ ግን መለኪያ የለውም፣ ዳግም ሲጣራ ጉልበቱ ከውስኪ አይተናነስም። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ማታ ማታ መለኪያ አረቄ ሲያስለምድ ሁለት እሳት ጉበቱ ላይ አብረው ይነዳሉ። ጫትም ከጥርጣሬ ነጻ አይደለም፤ በሐረር የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ጫት የሚቅሙ ሰዎች ለሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ይበልጥ ይጋለጣሉ ብሏል።

ሲሮሲስ እንዳለበት የተነገረው ሰው ደሙን ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለበትም። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የጉበት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቀላል ፍንጭ አለ፤ በተራ የደም ምርመራ ላይ የፕሌትሌት ቁጥር ከ150 ሺህ በታች ከሆነ ኢንዶስኮፒ ይታሰባል። ያ ምርመራ በየሆስፒታሉ አለ። ቫሪስ ከተገኘ ፕሮፕራኖሎል ወይም ካርቬዲሎል ይጀመራል፤ ልብን ቀስ የሚያደርግ ርካሽ መድኃኒት ነው፤ ፕሮፕራኖሎልማ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ለዚህ መሥራቱ የታወቀ የድሮ መድኃኒት ነው። አስም ያለበት አይወስደውም፣ ማንም ደግሞ ከጎረቤት ተውሶ አይዋጥ፤ መጠኑ የሚለካው በልብ ምት ነው። በትግራይ ጦርነትና ከበባ ዓመታት፣ የመቀሌውን ዓይደር ሆስፒታል ጨምሮ ሆስፒታሎቻችን መድኃኒት አጥተው በነበሩ ጊዜ፣ ይህን እንክብል ያቋረጡ፣ ኢንዶስኮፒ ቀጠሯቸው ያለፈ ብዙ ሰዎች አሉ። ከእነሱ መካከል እዚህ ያላችሁ ካላችሁ፣ ቀጠሮ አለፈብኝ ብላችሁ አትፈሩ፤ ካርዳችሁ ቢጠፋም ኑ።

ስለ ምግብ ብዙ እጠየቃለሁ። «ጉበት የታመመ ሥጋና ቅባት አይብላ» የሚለው ሰውን ያከሳል፣ ጡንቻውን ያሟሽሻል፤ ጡንቻ ደግሞ አሞኒያን በማጽዳት ጉበትን ያግዛል። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ዶሮ ይብላ። የሚቀነሰው ጨው ነው፣ በተለይ ሆዱ ውሃ ከቋጠረ። ሽሮው ላይ፣ ድልሁ ላይ፣ ዳቦው ላይ ያለውን ጨው ቤተሰቡ ይቁጠርለት። ረጅም ጾም ግን አይሆንለትም፤ የጠጠረ ጉበት ስንቅ ስለማያስቀምጥ ሌሊቱን ሳይበላ ማደር ብቻ ለእሱ የሦስት ቀን ጾም ያህል ነው። ከመኝታ በፊት ቁራሽ እንጀራ ወይም ዳቦ ይቅመስ። በሕመም ምክንያት ከጾም መፈታት በቤተ ክርስቲያናችን ያለ ነው፣ አባቶች ይፈቅዳሉ፤ ያልጠየቀ ሰው ነው የሚጎዳው።

«አንዴ የጠጠረ ጉበት ይመለሳል ወይ?» ብላችሁ ልትጠይቁኝ ነው፣ ሁልጊዜ ይጠየቃል። ተማሪ ሳለን አይመለስም ተብለን ነው የተማርነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ግን በሄፓታይተስ ቢ ምክንያት ሲሮሲስ የነበረባቸውን 96 ሰዎች ቴኖፎቪር የሚባለውን እንክብል አምስት ዓመት ሲወስዱ ከቆዩ በኋላ ጉበታቸውን እንደገና መረመረ። 71 ሰዎች ሲሮሲስ አልነበረባቸውም፤ ጠባሳው ሟሙቶ ነበር። ቴኖፎቪር ለኤች አይ ቪ ሕክምና ለዓመታት በአገራችን ሲታደል የኖረው ያው መድኃኒት ነው፤ በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለሄፓታይተስ ቢ በሽተኞች በተደራጀ ፕሮግራም ሲሰጥ ቆይቷል። ሁሉም ሰው አያስፈልገውም፣ ማን እንደሚያስፈልገው በደም ምርመራ ይታወቃል፣ የጀመረም በራሱ ፈቃድ ማቆም የለበትም፤ ቫይረሱ ተቆጥቶ ይነሳል። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።